አናጢው፣ ሚስቱና ንብ በሎቹ

በከተማው ከተገጠሙት በሮች ግማሹን የሠራው እሱ ነው፤ ከራሱ የጓሮ በር ግን መውጣት አይችልም። ይህን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እሱ ራሱም ይስቃል። የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ «የወንፊቱ ጋሼ» ይለዋል። ከቤቱ በስተኋላ ያለውን በረንዳ ከወለል እስከ ጣሪያ በደቃቅ ወንፊት ሽቦ አጥሮታል፤ እዚያ ውስጥ ቆሞ መላጊያውን ሲገፋ ለሚያየው ሰው በሙያው የታሰረ እስረኛ ይመስላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሥራ አራት ዓመቱ አጎቱ እጁን ይዞ ለአንድ ቁጡ አናጢ አስረከበው። የመጀመሪያውን ዓመት እንጨት እንኳ አላስነኩትም፤ ሙጫ እያፈላ፣ ወለል እየጠረገ፣ ጥፊ እየቀመሰ አሳለፈው። በኋላ ግን እጁ ተፈታ። እሱ የገጠመው መሳቢያ ሲዘጋ ድምፅ የለውም ተባለለት። በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ሲያገባ ሙሽራይቱ ዕቃ ይዛ ትመጣለች ሲባል፣ ሁለት ቀፎ ንብ አስጭና መጣች።

«የሚያጉረመርም የሙሽራ ሻንጣ ያየሁት ያን ቀን ነው» ይላል። ይህን ቀልድ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ቀልዶታል፤ እሷም ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ «ደግሞ ጀመረው!» ብላዋለች።

እሱ ቀፎ ይሠራል፣ እሷ ንብ ታስገባበታለች። ሁለቱ ቀፎ አርባ ደረሰ። እንጀራቸው ንቡ ሆነ። ታዲያ ንብ ያለበት ቤት መነደፍ አይቀርም፤ አናጢው በቀን ሁለት ሦስቴ ይነደፋል፣ መንደፊያውን በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ ይጥልና ሥራውን ይቀጥላል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረ። ከዕለታት አንድ ቀን ግን አንዲት ንብ፣ አንዲት ብቻ፣ ከሸሚዙ ኮሌታ ሥር ገብታ አንገቱን ወጋችው። ፊቱ አበጠ፤ ጉሮሮው ተዘጋ፤ መላጊያው ከእጁ ወድቆ እሱም ፍቅፋቂው መሐል ተዘረረ። ሚስቱ በጎረቤት ጋሪ ጭና ክሊኒክ አደረሰችው። በስንት መከራ ነፍስ ዘራ።

«አባቴ» አለው ሐኪሙ፣ «ሰውነትዎ ከንብ ጋር ተጣልቷል። እርቅ የለውም። ሁለተኛ ከነደፈችዎት እኔ ጋ ሳይደርሱ ነገሩ ያልቃል።» ኪሱ የሚይዘው መርፌ ሰጠውና አሰናበተው።

ሚስቱ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሲነጋ «ቀፎዎቹን እሸጣለሁ» አለች። እሱ ደግሞ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ሆነ። «አትሸጪም። ምን ልንበላ ነው? ደግሞ አንቺ ያለ ንብ ሰው አትሆኚም፤ አውቅሻለሁ» አላት። ተከራከሩ፣ ተኳረፉ፣ በመጨረሻ ወንፊት ሽቦ ተገዛ። ከዚያ ወዲህ እሷ ፊቷን ተሸፍና ከማለዳ እስከ ማታ ከንቦቿ ጋር ጓሮ ናት፤ እሱ ወንፊቱ ውስጥ ነው። የሚነጋገሩት በጩኸት ነው። «ዘይት አልቋል!» ትላለች ከወዲያ። «ሆዴን ነፋኝ!» ይላል ከወዲህ። የቤታቸውን ምሥጢር ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል።

«ቀን ቀን ባልና ሚስት መሆናችን ቀርቶ ጎረቤት ሆንን» ይል ነበር ለሚጠይቀው ሁሉ። ሲናገረው ይስቃል እንጂ ከልቡ ይከፋው ነበር። አርባ ሜትር የማይሞላ ጓሮ! የሚስቱን ፊት ግን ፀሐይ ሳለ አያየውም።

ወፎቹ የመጡት በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ነው። ወይም ድሮም ነበሩ፣ እሱ ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም። ከወንፊቱ አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ ራሱ የተከለው የልብስ ማስጫ እንጨት አለ፤ አናቱ ላይ አግድም የተመታ ጠርብ ያለበት። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ወፍ መጥቶ ጠርቡ ላይ ጉብ አለ። ጀርባው አረንጓዴ፤ ጉሮሮው የእንቁላል አስኳል፤ ዓይኑ ላይ የተኳለ የመሰለ ጥቁር መሥመር አለው፤ አፉ ረጅምና ወደ ታች ጎበጥ ያለ። አናጢው ቀለም ያውቃል፤ ስንቱን ቁም ሣጥን ቀብቷል። እንዲህ ያለ አረንጓዴ ግን ከየትኛውም ጣሳ ወጥቶ አያውቅም።

ወፉ ዝም ብሎ ተቀምጦ ራሱን ብቻ ወዲያና ወዲህ ያዟዙራል። ድንገት ተወረወረ። አየር ላይ ቀጭ! የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ተመልሶ እዚያው ጠርቡ ላይ ዐረፈ። አፉ ጫፍ ላይ ንብ ይዟል። ንቧ በሕይወት አለች። አናጢው አንገቱን ያዘ። እሱን ፍቅፋቂ መሐል ያዘረረችው የዚህችው ወገን ናት። ወፉ ቢመዘን ከአንድ እፍኝ ፍቅፋቂ አይበልጥ!

ወፉ ግን ምን ቸገረው። የንቧን ራስ ከጠርቡ ጋር በግራ አጋጨ፣ በቀኝ አጋጨ። ወርወር አድርጎ ቀለባትና አዟዙሮ በወገቧ ያዛት። ከዚያ አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ ሁለት ዓይኖቹን ጨፈነ፤ የንቧን ጭራ እንጨቱ ላይ አሸው፣ አሸው፣ አሸው። እንጨቱ ላይ የመርፌ ራስ የምታህል እርጥብ ነጥብ ቀረች። መርዟ ናት። ዓይኑን ገለጠ፤ ሁለቴ ደግሞ አጋጫት፤ ዋጣት። ከዚያ እንደ ምንም ዙሪያውን ያይ ጀመር።

አናጢው አፉን ከፍቶ ቀረ። «ማን አስተማረው?» አለ ብቻውን። መልስ የሚሰጠው ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም አያውቅም። ያን ቀን ሊጨርሰው የነበረ መስኮት ሳያልቅ መሸ።

እንግዲህ ሰው የሥራ ዓይን ካለው ምን ቢያይ ይመረምራል። አናጢው ዓመት ከዓመት ወፎቹን አጠናቸው። አበባ ላይ የተቀመጠች ንብ ዓይናቸው ሥር ብትሆን እንኳ አይነኩም፤ የሚበር ብቻ ነው የሚይዙት። ጉድጓዳቸው ከአጥሩ ማዶ በተናደው የአሸዋ ገደል ላይ ነው፤ ክንድ ሙሉ የሚገባ ቀዳዳ። ከጠርቡ ሥር የሚተፉትን ጥቁር ድብልብል እያስለቀመ በመሮ ጫፍ ይፈለቅቀዋል፤ ውስጡ የንብ ክንፍና የተርብ ራስ ተጠቅጥቆበታል። ወንዱ የያዘውን ወፍራም ተርብ ራሱ አይበላም፤ ጠርቡ ላይ ጠጋ ጠጋ ብሎ ለሴቷ ያቀብላታል። ከሁሉ ከሁሉ ግን ያስደነቀው አንድ ነገር ነው። ድንጉላ የተባለው ወንዱ ንብ መንደፊያ የለውም። ታዲያ ወፉ ድንጉላ ሲይዝ ያጋጨዋል፣ ይውጠዋል፤ አያሸውም። ሠራተኛይቱን ሲይዝ ግን ሳያሽ አይውጥም። ማንኛዋ መርዝ እንዳላት፣ ማንኛው እንደሌለው ያውቃል። አናጢው ይህን ሦስት ዓመት ሙሉ ተከታትሎ፣ አንድም ቀን ስቶ አላየውም።

ማታ ማታ እራት ላይ ለሚስቱ ይተርክላታል። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሌባ ታደንቃለህ!» ትለዋለች። «እኔ የማሳድጋትን ነው እኮ የሚበላው። ጎበዝ ቀማኛ ነው ብዬ ላጨብጭብለት?»

«አጨብጭቢለት አልወጣኝም። ነይና እይው ነው ያልኩሽ።»

«ጊዜ ሲተርፈኝ።»

ጊዜ ተርፏት አያውቅም። ግንበኛው ወንድሟ ደግሞ በመጣ ቁጥር «እህት ዓለም፣ አንድ ባልዲ ሲሚንቶ ነው፤ ቀዳዳውን ልድፈንልሽ» ይላታል። ዓመት ከዓመት «ቆይ እስቲ» እያለች አቆየችው። ለወፎቹ አዝና እንዳይመስላችሁ፤ የባሏን ፊት አይታ ነው።

እሷም የራሷ ጉድ ነበራት። ከሰባት ዓመት በፊት ከቀፎዎቿ አንዱ ገራም ሆኖ አገኘችው። ክዳኑን ስትከፍት አይቆጣም፤ ንቦቹ እጇ ላይ ይራመዳሉ፣ አይነድፉም። ከዚያ ቀፎ ንግሥት አሳደገች፤ ከልጆቿ ይበልጥ ገራሟን መረጠች፤ ከልጅ ልጆቿ ደግሞ ይበልጥ የረጋችውን። ፈተናው የራሷ ክንድ ነበር። እጅጌዋን ሰብስባ ቀፎው ውስጥ ታስገባና ስንት ጊዜ እንደ ነደፏት ትቆጥራለች። በመጀመሪያው ዓመት ዐሥራ አንድ፣ በአራተኛው ሁለት፣ በሰባተኛው ምንም። አናጢው ለገበያ መስሎት ነበር። አንድ ማታ ክንዷን ዘይት ስትቀባ ድንገት አፈረጠችው።

«ጓሮው በሙሉ የእነዚህ ዘር ሲሆን፣ ቁጡዎቹን አስወግጄ ስጨርስ፣ ወንበርህን እዚያ ዛፍ ሥር አወጣልሃለሁ። መርፌህ በኪስህ ይሁን፤ ግን ትወጣለህ። ከእኔ ጋ ትቀመጣለህ።»

አናጢው ለመቀለድ አፉን ከፈተ፣ ቀልዱ አልመጣም። ያን ሁሉ ዓመት የተነደፈችው ለእሱ ኖሯል።

ታዲያ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነውና፣ ያ ክረምት ከፋ። በብርዱ ከገራሞቹ አንድ ቀፎ ብቻ ተረፈ፤ ንግሥቲቱም አርጅታ ነበርና በጋው ሲገባ ሞተች። ከእሷ የቀረች አንዲት ልጅ ናት፤ ገና ከወንድ ያልተገናኘች። አናጢው የሚያምር ትንሽ ሣጥን ሠራላት፤ ሚስቱም ከጥቂት ሠራተኛ ንቦች ጋር አስቀመጠቻት፤ ከወንፊቱ ሃያ እርምጃ ላይ፣ እንዲያያት። ሚስቱ ለሃያኛ ጊዜ ነገረችው። ንግሥት በወጣትነቷ ትበራለች፤ ሰማይ ላይ ድንጉሎቹን ታገኛለች፤ ከተመለሰች ዕድሜ ልኳን እንቁላል ትጥላለች። ካልተመለሰች የሰባት ዓመቱ ዘር እዚያው ላይ አከተመ።

«ከስድስት ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት ነው የምትወጣው» አለችው። «እኔ ሌሎቹ ቀፎዎች ላይ ነኝ። አንተ ይህን ገመድ ያዝ።» ገመዱ በወንፊቱ ቀዳዳ ወጥቶ ከጠርቡ ሥር ካንጠለጠለችው ቆርቆሮ ጋር ተያይዟል። «ወፎችህ ባረፉ ቁጥር ሳብ። ከዚህ በፊት አንድም ቀን ቀማኛህን ነክቼብህ አላውቅም። ያቺን ልጅ ከበሏት ግን ወንድሜን እጠራለሁ፤ ገደሉን በሲሚንቶ አስደፍነዋለሁ። ቃሌ ነው!»

«ይሁን» አላት።

ሁለት ቀን ሳበ። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ወፎቹ ይነሣሉ፤ ዞረው ይመጣሉ፤ ደግሞ ይስባል። ጎረቤቶች «ጋሼ፣ ጦርነት ነው እንዴ?» አሉት። ትከሻው ዛለ። ንግሥቲቱ ሁለቱንም ቀን ብቅ አላለችም።

ሦስተኛው ቀን ደመና ሆኖ ዋለ። ሚስቱ ሰማዩን አይታ የፊት መሸፈኛዋን ሰቀለችው። «ዛሬ አትወጣም፤ ንብ በደመና አይበርም። ሰሙን ለነጋዴው አድርሼ ልምጣ፤ አንተም ክንድህን አሳርፍ» ብላው በአውቶቡስ ሄደች። ልክ ናት፤ ንብ በደመና አይበርም። ንብ የሚያረባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይህን ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ የሚያውቀው አናጢው ነበር፤ ንብ ካልበረረ ንብ በልም ጦሙን ይውላል። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሰባት ወፎች ጠርቡ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተደርድረው፣ ላባቸውን ነፍተው፣ ሆዳቸው ባዶ ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ደመናው እንደ መጋረጃ ተገለጠ።

ፀሐይ እንደ ወጣ አርባው ቀፎ አንድ ላይ ተነፈሰ። ጓሮው በንብ ወርቅማ ሆነ። ሰባቱም ወፎች ተነሡ። አናጢው ያን ያህል ዓመት አይቶ እንዲህ ያለ ነገር አላየም ነበር። ይወረወራሉ፣ ይገለበጣሉ፣ ክንፋቸው ፀሐዩ ሲመታው መዳብ ይመስላል፤ ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ! ጠርቡ ላይ ያርፋሉ፣ ያጋጫሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያሻሉ፣ ይውጣሉ፣ ደግሞ ይነሣሉ። አንዱ ሁለት ነገር በአንድ አፍ ይዞ ተመለሰ። አንዱ ወፍራም ተርብ አምጥቶ ለሴቷ ሲያቀብል አናጢው «ይችን ልይና» አለ። ገመዱ በእጁ ነው። ይችን አየና ሌላ መጣ። ያኛውንም ልይ አለ። ሰው ሲገርመው ሞኝ ይሆናል፤ እኔም ብሆን፣ እናንተም ብትሆኑ ያው ነን።

ዓይኑ ወደ ትንሿ ሣጥን የሄደው በአጋጣሚ ነው። ንቦቿ በሩ ላይ ተከማችተዋል። ከመሐላቸው ረዘም ያለች፣ ቀላ ያለች ወጣች። ሁለት ሦስቴ ፊቷን ወደ ሣጥኑ አድርጋ ቤቷን እንደምታጠና አንዣበበች፤ ከዚያ ሽቅብ ወጣች፣ ከጠርቡ በላይ፣ ከዛፉ በላይ፤ ጠፋች። አናጢው ክው አለ። ገመዱን ሳበው፤ ቆርቆሮው ጮኸ፤ ወፎቹ ተበተኑ። «አለፈች! ተረፈች!» አለ።

ወፎቹ ተመለሱ። ሳበ። ተመለሱ። ሳበ። ሩብ ሰዓት ያህል አላቋረጠም። ከዚያ... ከዚያማ ምን እላችኋለሁ፣ አንዱ ወፍ ከወንፊቱ አንድ ክንድ ላይ፣ አፍንጫው ሥር፣ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና አየው። እውነት ነው የምላችሁ፤ ቀይ ዓይኑን በዓይኑ አየው። የሽንብራ ያህል ዓይን፤ ውስጧ ፀሐይና የአናጢው ሽበት ራስ ይታያሉ። ለምን ያህል ጊዜ እንደተያዩ አያውቅም። ገመዱ በእጁ ላልቶ ነበር።

ቀና ሲል ሌላ ወፍ ከሰማይ ወርዶ ጠርቡ ላይ ዐረፈ። አፉ ላይ ትልቅ ነገር ይዟል። ከሠራተኛ ንብ ይበልጣል።

አናጢው ግንባሩን ወንፊቱ ላይ ለጠፈ። ድንጉላም ትልቅ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሰማዩን የሞላው ድንጉላ ነው። ወፉ በግራ አጋጨ። በቀኝ አጋጨ። ድንጉላ ከሆነ አሁን ይውጠዋል። «ዋጠው» አለ አናጢው፣ «ዋጠው በናትህ፣ ዋጠው!» ወፉ ወርወር አድርጎ ቀለባት፤ አዟዟራት። «አታሻት! አታሻት!» ወፉ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ዓይኑን ጨፈነ። አሻት።

ደግሞ እንዴት እንዳሻት! ቀስ ብሎ፣ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ረጅም፤ የንግሥት መርዝ ሌላ መሆኑን እንደሚያውቅ። አናጢው እንባው እየወረደ፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ጭራሽ ዓይኑን ማንሳት አልቻለም። ወፉ ዋጣት። የሰባት ዓመት ክንድ፣ ዛፉ ሥር ያለች ወንበር፣ ሁሉም በአንዲት ጉሮሮ ወረደ።

እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ትንሿን ሣጥን ሲያይ ቆየ። ምናልባት ዓይኔ ነው አለ። ምናልባት አሁን ትመጣለች አለ። የሣጥኗ ንቦች ግን በበሩና በግድግዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ይሮጣሉ፤ ንግሥታቸው የጠፋችባቸው ንቦች የሚያሰሙት የማቃሰት ድምፅ አለ፤ እሱን ያሰማሉ።

ሚስቱ እስክትመጣ አንድ ሐሳብ ይዞት ነበር። ነፋስ ወሰዳት ቢላትስ? ሳትመለስ ቀረች ቢላትስ? ማን አየ? ንግሥት በስንት ነገር ትጠፋለች። ገደሉ አይደፈንም፣ ወፎቹ ይኖራሉ፣ እሱም ቆርቆሮውን ረሳህ አይባልም። ውሸቱ እንደ ታጠበ ሸሚዝ ተዘጋጅቶ ተሰቅሎ ነበር፤ መልበስ ብቻ ነው።

በሩ ተከፈተ። «ፀሐይ ወጣ እኮ!» አለች ገና ከደጅ። «አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነፍሴ ልትወጣ! ወጣች?»

«ወጣች።»

«ተመለሰች?»

ወደ ትንሿ ሣጥን አየ። ሚስቱ ዘንቢሏን አስቀመጠች።

«ትልቅ ነገር ይዞ መጣ» አለ አናጢው።

«ድንጉላ ይሆናል። ድንጉላ ነው!»

«አሻት።»

ሚስቱ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ጆሮ ዳባ ልበስ ያለች መስሎት የነበረውን ሁሉ ለካ አንድም ቃል ሳይወድቅባት ሰምታዋለች። «አሻት?» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰለ።

«አሻት። ገመዱ በእጄ ነበር። እያየኋቸው ረሳሁት። ሌላ ሰበብ የለኝም።»

ብትጮኽበት ይሻል ነበር። እሷ ግን አልጮኸችም። ወደ መኝታ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች፤ እሱ የሠራው ድምፅ የሌለው በር እንኳ ያን ማታ ተሰማ። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ለወንድሟ «ነገ በጠዋት ሲሚንቶህን ይዘህ ና» ስትል ሰማት። አናጢው ለብቻው ሳሎን ተኛ።

በነጋታው ግንበኛው በሁለት ሰዓት ደረሰ። ሲሚንቶውን ከቧንቧው ሥር አቡክቶ ባልዲውን አንጠልጥሎ በረንዳው ላይ ቆመ። የአማቹን ፊት ላለማየት ጣሪያ ጣሪያ ያያል።

«በል እንሂድ» አለች እህቱ፤ ወደ ጓሮ በር ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች። «ቆይ። መጀመሪያ ሌባውን ልየው። የትኛው ነው?» አለች ባሏን፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ያናገረችው ገና አሁን ነው።

«ይመጣል። ተቀመጪ» አላት።

ያላለቀ ቀፎ ገልብጣ ተቀመጠችበት። በዚያ ወንፊት ውስጥ፣ በፀሐይ፣ ከባሏ አጠገብ ስትቀመጥ በዚያ ሁሉ ዓመት የመጀመሪያዋ ነው። ፊቷ አልተሸፈነም። አናጢው ወፉን ትቶ እሷን አየ፤ ጠዋት ላይ ሽበቷ ምን ያህል እንደሆነ አያውቅም ነበር።

ወፉ መጣ። ተቀመጠ፤ ራሱን አዟዟረ፤ ተወረወረ። ቀጭ! ተመለሰ። ሚስቱ ጥርሷን ነክሳለች። ወፉ በግራ አጋጨ፣ በቀኝ አጋጨ፣ ቀለባት።

«እህት ዓለም» አለ ግንበኛው፣ «ሲሚንቶው ሊጠነክርብኝ ነው።»

«ዝም በል» አለችው በሹክሹክታ፣ «ሊያሻት ነው።»

ወፉ ዓይኑን ጨፍኖ አሻት። ጠርቡ ላይ ትንሿ እርጥብ ነጥብ አብለጨለጨች። ሚስቱ ትንፋሿን ይዛ ነበር፤ ለቀቀችው።

«ዓይኑን ይጨፍናል እንዴ?»

«መርዙ እንዳይረጨው ነው መሰለኝ።»

«ጉድ!» አለች። እጇን ዘርግታ ባሏን አንገቱ ላይ፣ ያቺ ንብ የወጋችው ቦታ ላይ ነካችው። ጠባሳ የለውም፤ ግን ቦታውን ታውቀዋለች። «አንተን ሊገድልብኝ የነበረውን... አንተ የላግከው እንጨት ላይ ጠርጎት በላው። እንደ ምንም።» እንባዋ መጣ። ንዴቷ አልወጣላትም፤ ሐዘኗም እዚያው አለ፤ ዓይኗ ግን ከጠርቡ አይነቀልም። «ሰባት ዓመት ሙሉ አንተን ወደዚያ ለማውጣት ክንዴን አስበላሁ። እኔ ወደዚህ መግባት እንደምችል አንዳችንም አላሰብንም?»

«በሩን እኔ ነኝ የሠራሁት» አለ አናጢው። «በሁለቱም በኩል ይከፈታል።»

ግንበኛው ባልዲውን አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ እጁ ያዘ። «እና ገደሉስ?» አለ። ሁለቱም ጠርቡን ነው የሚያዩት። ትንሽ ቆይቶ ወጣና ሲሚንቶውን የተሰበረው የደጅ ደረጃ ላይ ለሰነው፤ ያለዚያ ባልዲው ውስጥ ይደርቅበት ነበር።

ሁለተኛ ወፍ መጥቶ ከመጀመሪያው ጎን ጉብ አለ። አፉ ላይ ወፍራም ተርብ ይዟል፤ አልበላውም፤ በጠርቡ ላይ ጠጋ፣ ጠጋ ይላል።

«ይኼኛውን ለማን ሊሰጥ ነው?» አለች ሚስቱ።

«ለእሷ። እይው።»

«አልታየኝም፤ ትከሻህ ጋርዶኛል። ጠጋ በልልኝ» አለችው፤ ጠጋ አለላት።